በውሃ ይሄዳል የተባለው ሚኒባስ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አዳማ መናኸሪያ ውስጥ በጎረቤቴ ሚኒባስ የፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቴ የወሎ ሰው ነው፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚህችው መኪና ከአዳማ አርሲ ነገሌ እየተመላለሰ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ነጋዴ የውሃ ጠርሙስ በሁለት ሽቦ ከሞተሩ ጋር አገናኝቶለት፣ ውሃው ሃይድሮጂን እየሆነ ቤንዚን ይተካል ሲል አሳመነው። ማመኑ ባልከፋ፤ ጎረቤቴ ግን መኪናዋን ሸጦ የዚሁ ዕቃ አከፋፋይ ሊሆን ቆርጦ ተነሣ። ሚስቱ ሐሳቡን እንዳስጥለው ለመነችኝ።

የተማርሁት ኬሚስትሪ ነውና ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት። ሃይድሮጂን ሲነድ የሚሰጠው ኃይል ውሃውን ለመሰንጠቅ ከወጣው ከቶ አይበልጥም፤ ያም ኃይል የሚመጣው ከባትሪው፣ የባትሪው ከዲናሞው፣ የዲናሞውም ከዚያው ከቤንዚኑ ነው፤ በየደረጃውም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በትዕግሥት አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ ነጋዴው ይህን ሁሉ ሳይናገር ሞተሩን አስነሥቶ እንዳሳየው ነገረኝ።

ስለዚህ እንፈትነው አልሁ። በመጀመሪያው ቀን ሽቦው ተነቅሎ ያለ እኔ ደርሶ ተመለሰ፤ በማግሥቱ፣ በዚያው በጥቅምት ፲፪፣ ሽቦው ተገጥሞ እኔ ለቁጥጥር ተሳፈርሁ። ከሞጆ እስከ መቂ አንድም መኪና አልቀደምንም። ቡልቡላ ላይ ባጃጅ ጥሎን ሄደ፤ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ሹፌሩን አሞት እንደሆነ ረዳቱን ጠየቁት። እኔ የሃይድሮጂኑን ሙቀት በወረቀት እያሰላሁ ስለ ነበር ልብ አላልሁም።

አዳማ ተመልሰን ስንቀዳ የፈጀነው ቤንዚን ከትናንቱ በግልጽ አነሰ። ጎረቤቴ ፈገግ ከማለት በቀር አላፌዘብኝም። ያን ጊዜ ስለ ባጃጁ ትዝ አለኝና ለምን እንዲያ ቀስ እንዳለ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎን የሚያህል ሽማግሌ ከጎኔ አስቀምጬ እንዴት ልብረር? ነውር አይደለም?»

እንግዲያው ቤንዚኑን የቆጠበው እግሩ ነው፤ ሽቦው ተነቅሎ እኔ የምሳፈርበት ሦስተኛ ጉዞ ያስፈልጋል አልሁት።

«ወላሂ ጋሼ፣ ተሳፋሪው አንድ ቀን ከቻለዎት ይበቃዋል። ደግሞ ቆጣቢው እርስዎ ከሆኑማ፣ ጠርሙሱን ነቅዬ እርስዎን ልግጠም?»

ሦስተኛው ጉዞ እስካሁን አልተደረገም። ጠርሙሱ አልተነቀለም፤ መኪናዋም አልተሸጠችም። ሚስቱ መቼ እንደምሳፈር ባገኘችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች። ቤንዚኑን የቆጠበው እግሩ ለመሆኑ ስሌት እንጂ ልኬት የለኝም።