የፔጆዋ ቆብ

መርሳ ላይ የመኪና መስታወት የሚገጥም ሰው ብትጠይቁ ጣት ሁሉ ወደ ሙሄዲን ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉን ግን አያድርስ! መስታወት ሰብሮ የመጣ ሾፌርን ሳይሰድብ ሥራ ጀምሮ አያውቅም። የማይሰድበው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የወልድያውን ጋሽ ወልደኪዳንን።

ጋሽ ወልደኪዳን፣ አባታቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ፣ እሳቸው ግን እዚያው ተወልደው እዚያው የሸበቱ ሾፌር ናቸው። ነጭ ፔጆ ነበረቻቸው። ያኔ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ፣ ኒካሁም ሆነ ተክሊሉ ያለ እሷ አያምርም ነበር። ታዲያ ሚዜዎቹ አበባውንና ሪባኑን የሚሰኩት የፊት መስታወቱን ከከበበው ኒኬል ሥር ነው። በሰርጉ ማግስት ኒኬሉ ተፈልቅቆ፣ ጋሽ ወልደኪዳን ሙሄዲን ደጅ ይቆማሉ።

«ደሞ ዛሬ ማንን ዳሩ?» ይላል ሙሄዲን እየሳቀ።

መስታወቱን ዙሪያውን የያዘውን ጎማ በሳሙና ውሃ ያርሰዋል፤ ኒኬሉን ከጥግ ጀምሮ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ጎማው ውስጥ ያስገባዋል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ጫፎች የሚገጥሙበትን ክፍተት ትንሽዬ የኒኬል ቆብ ይደፋበታል። ሚስቱን ረሂማን ያገባትም በዚያችው ፔጆ ነው። በማግስቱ የገዛ ሰርጉ ያበላሸውን ኒኬል ሲጠግን የሰፈሩ ሰው ሳቀበት። ወይ ጊዜ! ደግ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እሱን ማን ተርኮ ይጨርሰዋል? ብቻ ከወልድያ ሲያልፍ የፔጆዋ የፊት መስታወት ረግፎ ተገኘ። ጋሽ ወልደኪዳንንም አብሯቸው ያደገ ሰው ሳይቀር በጎሪጥ ያያቸው ጀመር። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው አዜብ በስልክ አልቅሳ «ይምጡልኝ» አለቻቸው። እንደምንም መስታወት አግኝተው መርሳ መጡ።

«ገጥመህ ስትጨርስ መንገድ እጀምራለሁ» አሉት። «እዚያ ስደርስ እሸጣታለሁ። ከእንግዲህ አልመለስም፣ ሙሄዲን።»

ያን ቀን ሙሄዲን ማንንም አልተሳደበም። እንደ ድሮው ጋሽ ወልደኪዳን በጎማው ስንጥቅ ውስጥ የተጠመጠመውን ገመድ ከውስጥ ሲስቡ፣ እሱ ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ አስገቡት። ኒኬሉ ላይ ሲደርስ ግን ያስገባና «ጠመመ» ብሎ መልሶ ያወጣዋል።

«ምነው ዛሬ እጅህ ተሳሰረ?» አለችው ረሂማ ከበሩ ላይ ሆና።

እሱ ጎማውን እንደገና በሳሙና ውሃ አራሰው። እኚህ ሰው ከሄዱ ያ ሁሉ ሰርግ፣ ያ ሁሉ ሳቅ አብሯቸው የሚሄድ መስሎታል። ኒኬሉ እንደምንም ገባ። የቀረችው ቆቧ ብቻ ነበረች።

«ቆቧ ጠፋች» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ዛሬ ይደሩና ነገ ፈልጌ…»

ጋሽ ወልደኪዳን ኪሱ ውስጥ የተጨበጠውን እጁን አዩ።

«ወላሂ በል» አሉት።

ሙሄዲን አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን እምቢ አለው። ቆቧን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አፉ ይበሉኝ ጋሼ። እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ቆቧን አገላብጠው አዩና መልሰው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።

«አትግጠማት። አንተው ዘንድ ትቀመጥ። እኔም መኪናዋን አልሸጣትም፤ አዜብን አይቼ እመለሳለሁ።»

«ማርያምን ይበሉ!» አለ ሙሄዲን ደስ ብሎት።

ጋሽ ወልደኪዳንም አፋቸውን ከፈቱ። ወልድያ ባለችበት በኩል ወዳለው መንገድ ዞር ብለው አዩ። ማርያምን ግን አላሉም።

«ኢንሻአላህ ይብቃህ፣ ልጄ» አሉትና መኪናዋን አስነሡ።