ሰው ሰው የሚሸት ቤት

አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አልጋ አንጥፋለች። የአንሶላው ጥግ ከታጠፈበት አንድ ጣት ከተዛነፈ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ሆቴሉ ተሽጦ ሲፈርስ ሌሎቹ እየተራገሙ ተበተኑ፤ እሷ ግን በሳምንቱ አንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ዘንድ ተቀጠረች። ምን ሥራ ነው ስንላት «ያው ጽዳት ነዋ» ብላ ወሬውን ቀየረችው። የሆቴል ቤት ሰው ከጽዳት ሌላ ምን ይሠራል ብዬ አልጨቀጨቅኳትም። እስከ ዛሬ የምበግነው በዚያ ነው።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ካገባሁም በኋላ አልተለየችኝም። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ከአራት ዓመት ልጃችንና ከአክስቴ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ እግር እየተጋጨን እንኖር ነበር። አከራያችን በየስድስት ወሩ በራችንን ያንኳኳል። ገና ሲያንኳኳ ለምን እንደመጣ ስለምናውቅ ተቀመጥ የሚለው አልነበረም።

የአክስቴ ሥራ ጽዳት አልነበረም። ድርጅቱ ያቆመው አሥራ አራት ፎቅ ገና መሠረቱ ሳይወጣ ተሽጦ አልቋል። የገዙት ግን ሊኖሩበት ሳይሆን ገንዘባቸው ቁጭ ብሎ እንዳይረክስ ብለው ነው፤ አንዱ ሦስት፣ ሌላው አምስት ቤት ገዝቶ ቆልፎ ሄዷል። ድርጅቱ ከጎኑ ሁለተኛ ሕንፃ ሊያቆም ጉድጓድ ቆፍሮ ገዢ ይጠራል። ገዢው ይመጣና ቀና ይላል፤ አሥራ አራት ፎቅ ሙሉ ጨለማ መስኮት ሲያይ ስልክ የተደወለለት መስሎ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ ጎረምሳ፣ ለአክስቴ ድርጅቱ ያስቀረውን የየቤቱን ቁልፍ ዘለላ ሰጥቶ «ማዘር፣ ቤቱ ሰው ሰው መሽተት አለበት» አላት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ደግሞ አስፈረማት።

እሷ ሥራ ከያዘች ይዛ ነው። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የልጆች ዩኒፎርም፣ የወንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሰፊ ቀሚስ ገዛች። ልብሱን በረንዳ ላይ ከማስጣቷ በፊት ውኃ ትነክረዋለች፤ ደረቅ ልብስ ታጥቦ የተሰጣ አይመስልም። በየበሩ ጫማ ታስቀምጣለች፤ ሶሉን ጭቃ ልታስነካ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ትወርዳለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽንኩርት ታቁላላለች፤ ስድስተኛ ላይ ሬዲዮ ትከፍታለች። አመሻሽ ላይ መብራቱን የምታበራው ባንድ ጊዜ አይደለም፤ መጀመሪያ ማድ ቤቱን፣ ቆየት ብላ ሳሎኑን። አራተኛ ፎቅ አዲስ ሙሽሮች አሉ። ስድስተኛ ላይ ደግሞ አንድ አስተማሪ ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል፤ የልጆቹ ክፍል መብራት ቶሎ ይጠፋል፣ ጠዋት ትምህርት ቤት አለባቸው። ሙሽሮቹንም አስተማሪውንም የፈጠረቻቸው ከራሷ ጭንቅላት ነው።

በሦስተኛው ወር ቁልፉን ከመክተቷ በፊት ማንኳኳት ጀመረች። በኋላ ስትነግረኝ ባዶ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልኳት። «ሰው ቤት ዝም ተብሎ ይገባል እንዴ?» አለችኝ፣ እኔን እንደ ባለጌ እያየች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስድስተኛ ፎቅ ስትደርስ፣ አፋቸውን ወደ በሩ አድርጋ ያስቀመጠቻቸው የልጆች ጫማዎች ወደ ደረጃው ዞረው አገኘቻቸው። ሊወጡ እንደተዘጋጁ ማለት ነው። ዘበኛው ነው ብላ ወርዳ ጠየቀችው። ዘበኛው ጉልበቱ የማይታጠፍ ሽማግሌ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ገዢ ካልመጣ አይሠራም። «እኔ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም» አላት። ጫማውን መለሰችው። በማግስቱም ዞሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም፤ የልጆቹን መብራት ብቻ ትንሽ ታስመሽላቸው ጀመር። ማን እንዳዞረው እኔም ዛሬ ድረስ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን አከራያችን ግቢውን ሸጠውና በወር ውስጥ ልቀቁ አለን። ባለቤቴና እኔ ቤት ልንገዛ ደላላ ለደላላ ስንሯሯጥ ለአክስቴ አልነገርናትም። ዕዳ እንደ እባብ ነው የምትፈራው፤ ተዉ እንደምትለን ስለማውቅ ውሉን ይዤ መጥቼ «ይህች ክፍል ያንቺ ናት» ልላት ነበር ሐሳቤ። ደላላው ከከተማው ዳር ወስዶ አንድ ጉድጓድ አሳየን። በዓመቱ ፎቅ ይሆናል አለ። እስከዚያ የባለቤቴ ወንድም ሳሎኑን ሊያውሰን ቃል ገብቷል። እኔ ግን ልቤ አልወደደውም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ አቁሯል። እንሂድ ልል ስል ቀና አልኩ። ከጎኑ ባለው ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት የልጅ ዩኒፎርም ታሰጣለች። አየችንና እጇን አወዛወዘችልን። እኔም አወዛወዝኩ። ባለቤቴን «እዚህስ ሰው አለ፤ ልጃችን ጓደኛ አታጣም» አልኩት። ያለንን ጥሪት ለቅድሚያ ክፍያ አሟጠን፣ ቀሪውን በየወሩ ልንከፍል በዚያው ቀን ፈረምን።

አክስቴ ወደ ቤት ስትመጣ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኳት። መነጽሯን ስላላገኘች አንብቢልኝ አለች፤ አነበብኩላት። የሰፈሩን ስም ስትሰማ ድገሚልኝ አለች። ደስታ መስሎኝ ስለ ጉድጓዱም፣ እጇን ስላወዛወዘችልን ሴትም ነገርኳት። የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ምን ለብሳ ነበር?»

«ማን?»

«ሴትዮዋ።»

«እኔ እንጃ፣ ከሩቅ ነው። ቢጫ ሻርፕ መሰለኝ።»

ቢጫው ሻርፕ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እሷ አየችው፤ ከዚያ እኔ አየሁት። ባለቤቴ ሳይገባው እየሳቀ ነበር።

«እኔ ነበርኩ» አለች። «ዓይኔ ከዚያ ፎቅ ላይ ሰው አይለይም። ዘጠነኛ ላይ ማንም የለም፤ ስድስተኛም ላይ የለም። ሁሉም እኔ ነኝ።»

ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ያሳደገችኝን ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ነሳኋት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በአራተኛው ቀን ገንዘባችንን ልታስመልስ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደች። እሱ ወንበር ስቦ አስቀምጧት፣ ውሉ ላይ የማይመለስ የሚለውን መስመር በጣቱ እያሳየ በትህትና አሰናበታት። በዚያ ላይ የባለቤቴን ወንድም የራሱ አከራይ አስወጣው። የመውጫችን ቀን ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አክስቴ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተመልሳ ሄደች። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም። ብቻ የዘጠነኛውን ፎቅ ቁልፍ ይዛ መጣች። እንድንኖርበት ፈቅዷል፤ ገዢ ሲመጣ በረንዳ ላይ እንድንታይ፣ የቤቱ ባለቤት ብቅ ካለ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንድንወጣ ነው ስምምነቱ። አፋችንን ከከፈትን ደግሞ በዚያው ቀን ሜዳ ላይ ነን።

ገባን። ቤቱ ያምራል፤ የሚያስጠላው ዝምታው ነው። ጠዋት ባለቤቴ ወደ ሥራ ሲወርድ ኮቴው ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ ይሰማኛል፣ ከዚያ ሁሉ ፎቅ አንድ በር አይከፈትም። ልጄ ደረጃ ስንወጣ ስድስተኛ ላይ ድምጿን ትቀንሳለች፤ ልጆቹ ያጠናሉ ብላ አክስቴ ነግራታለች። አክስቴን ተቆጣኋት። «ታዲያ ባዶ ነው ብዬ ላስፈራራት?» አለችኝ።

በሁለተኛው ወር ሥራ አስኪያጁ ባልና ሚስት ይዞ በራችን ድረስ መጣ። ሚስትየዋ ገና ልጅ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። አክስቴ በሩን ከፈተች፤ እኔ ልጄን አቅፌ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ሊፍቱ የዚያን ቀን ተበላሽቶ ነበርና ልጅቷ ከደረጃው ትንፋሿን እየሰበሰበች በአክብሮት ጎንበስ አለች።

«እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጎረቤት አለ? እሱ ሥራው መንገድ ላይ ነው፤ ብቻዬን መዋል እፈራለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዋ ፈገግ ብሎ ቆሟል። አክስቴ ዞራ አየችኝ። የማፍርበትን ልናገር፤ እኔ በዓይኔ ዋሺ አልኳት፣ ለመንኳት። ልጄ ክንዴ ላይ ከብዳኛለች፤ መሄጃ የለንም።

«የለም ልጄ» አለች አክስቴ። «ከእኛ በቀር አንድ ሰው የለም። መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ፤ ልብሱንም የማሰጣው እኔ ነኝ። ብር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።»

ከታች የሽንኩርቱ ሽታ ይመጣል፤ የስድስተኛው ፎቅ ሬዲዮ ዜና ያወራል። ልጅቷ ማዶ በር ላይ ያለውን ጭቃ የነካ ጫማ አየች፣ አክስቴን አየች፤ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ባሏም ሳቀ።

«አልቀለድኩም» አለች አክስቴ። የባሰ ሳቁ።

ሲወርዱ የልጅቷ ድምፅ በደረጃው ተስተጋብቶ ይሰማን ነበር። «እዚህ ነው የምፈልገው» ትለዋለች ባሏን። «እንዲህ የሚጫወት ጎረቤት ከየት ይገኛል?» ከሰዓት በኋላ ፈረሙ።

እኔ ጓዛችንን መቋጠር ጀምሬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ተመልሶ ሲመጣ የመጨረሻውን ፌስታል እያሰርኩ ነው። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፊቱ በርቷል።

«ማዘር፣ ነገ ሦስት ገዢ አለ» አላት። «ልክ እንደ ዛሬው ይበሉልኝ፤ አንድም ቃል እንዳይቀይሩ።»

ኮቴው እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አክስቴ ጓዙ ላይ ቁጭ አለች።

«እንግዲህ ምን ብል ነው የሚያምኑኝ?» አለችኝ።

ከላዩ ላይ አስነሥቻት የቋጠርኩትን መፍታት ጀመርኩ።