ያራገፈበትን የማይናገር ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ስንት ያህል ይሆናል? እንደኔ ላረጀ ሰው ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የአልጋ ላይ ጥያቄ ይሆናል። የሠራውን ቆጥረን እንመዝነው ብንል፣ ጎረቤቴ የነበረው ዕቃ ጫኝ የሠራው ነገር ከአንዱ ቤት አንሥቶ ሌላው ቤት ማራገፍ ብቻ ነው። ያልተናገረውን ብንመዝን ግን ሚዛኑ የሚችለው አይመስለኝም።

"ድፍኑ" ይሉት ነበር። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ ከገበያው ጀርባ ካለው መቆሚያ እየተነሣ ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን ዕቃ ያጓጉዛል። ቤት የሚቀይር ሁሉ ደስ ብሎት አይቀይርም። ከባሏ የሸሸች አለች፤ ከወንድሞቹ ተጣልቶ የወጣ አለ፤ በሽታው እንዳይወራበት ሰፈር የለወጠ አለ። ድፍኑ የሁሉንም ይጭናል፣ ያራግፋል፤ የት እንዳራገፈ ግን ለሚስቱም አይናገርም።

"ዛሬ ደግሞ በየት በኩል ዋልክ?" ትለዋለች።

"በመንገድ።"

"ወይ ጉዴ! ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ካዝና?"

ሌላም ልማድ ነበረው። ዕቃ ሲወርድ ምንጊዜም የሚረሳ አይጠፋም፤ ማንኪያ፣ የመጋረጃ ቀለበት፣ የአሻንጉሊት እጅ። ድፍኑ አንዱንም አይጥልም። ከመሪው አጠገብ ባለው ኪስ ውስጥ ይከታቸውና "ባለቤቱ ይመጣል" ይላል። እኔም መጻሕፍቴን ሲያመጣልኝ የጠፋብኝን የመነጽር ማኅደር፣ ከረሳሁት በኋላ ከዚያ ኪስ አውጥቶ ሰጥቶኛል።

አንድ ቀን መኪናዋን ሲያጥብ፣ ከጭነቱ ወለል በታች ብረቱ ላይ የተጣበቀ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሳጥን አገኘ። ማግኔት ስለነበረው ለማላቀቅ ታገለ። "ከሰው ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን ተላቅቆ ይሆናል፤ ብረት አየና ተለጠፈ" አለኝ እያሳየኝ። እኔም ነገሩን ስለማላውቀው "ይሆናል" አልኩት። ጭቃውን ጠርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከማንኪያው ከቀለበቱ ጋር አኖረው። ባለቤቱ ይመጣል ብሎ፣ ሰው ባጓጓዘ ቁጥር አብሮ ይዞት ይዞር ጀመር።

ሁሉ ካለፈ በኋላ እንደነገረኝ፣ በዚያ ሰሞን ነው አንዲት ልብስ ሰፊ ያጓጓዘው። ባሏ ሥራ በሄደበት ረፋድ፣ ትንሽ ልጇንና የስፌት መኪናዋን ይዛ ወጣች። ፊቷ ላይ የነበረውን ሰንበር ስለማየቱ ድፍኑ አንዳች አላለም፤ የስፌት መኪናውን ግን ለሌላ ተሸካሚ አልሰጥም ብሎ ራሱ አቅፎ ጫነው።

"ጋሼ፣ መጥቶ ቢጠይቅዎትስ?" አለችው ስትሰናበተው።

"ማን? ስለማን ዕቃ? እኔ ዛሬ ጎማ ሳስነፋ ነው የዋልኩት።"

ሳቀች። ከብዙ ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ሳይሆን አይቀርም።

ባልየው እንደተፈራው መጣ። በመቆሚያው ሾፌሮች ፊት ኮሌታውን አንቆ ጠየቀው፤ ድፍኑ አንድ ጥርስ ጎደለበት እንጂ አንድ ቃል አልወጣውም። ሰውየው ተሳድቦ ሄደ። ከከረመ በኋላ ግን እየሳቀ ተመለሰና ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነለት። የከተማው ካርታ ነው፤ ቀይ ነጥቦች ተነጣጥበውበታል። ድፍኑ እያንዳንዱን ነጥብ ዐወቀው። ሁሉም ያራገፈባቸው ደጆች ናቸው።

"አንተ ዝም ብትል መኪናህ ለፈለፈች" አለው። "ወንድሜ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚሠራ አልነገርኩህም? የላክኋቸው ልጆች አሁን ዕቃዋን እየጫኑ ነው። ከፈለግህ ና አግዛቸው።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከመጋዘን ዕቃ ተሰርቆ ፖሊስ ዕቃ ጫኞችን ሁሉ ጠረጠረና፣ ዳኛ ሳያስፈቅድ በየመኪናቸው ሥር እንደዚያ ያለ ጥቁር ሳጥን፣ የሄዱበትን ሁሉ የሚመዘግብ መከታተያ ለጠፈ። ሌባው የመጋዘኑ ዘበኛ ሆኖ ተገኘ፤ ክሱ ተዘጋ። ካርታውን የዘጋው ግን አልነበረም።

ድፍኑ መኪናዋን አስነሥቶ በረረ። ሲደርስ የስፌት መኪናው በሌላ ሰው ጭነት መኪና ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ልብስ ሰፊዋ ልጇን አቅፋ ደጅ ቆማለች። ፒክአፗን አየች፤ ከውስጧ የሚወርደውን ሰው አየች።

"ጋሼ... እርስዎ?"

"ልጄ፣ እኔ አይደለሁም።"

"ከእርስዎ በቀር ማን ያውቅ ነበር?"

መልሱ መኪናው ኪስ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ እንዴት ብሎ ያስረዳት? እሷም ገፍተው ባስገቧት መኪና ሄደች።

ሳጥኑ ምን እንደሆነ ሲገባን ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ መኮንኑ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "አባት፣ እናመሰግናለን! ከጭቃም ከውሃም ጠብቀውልናል።"

"ካርታውን አጥፉልኝ" አለ ድፍኑ። "የሷስ ሆነ። የሌሎቹ ደጅ አለበት።"

"ፋይል አይጠፋም። ለመሆኑ መንገድ የሕዝብ አይደል? ማንም ቆሞ ሊያይዎት ይችላል። የሚደብቁት ከሌለ ምን አሳሰብዎት?"

"የምደብቀውማ ሞልቶኛል። አንዱም የኔ አይደለም እንጂ።"

እኔ ስለ ሕግ፣ ስለ ዳኛ ፈቃድ ተናገርኩ። "በጽሑፍ ያቅርቡ" አለኝ፤ አቀረብኩ፤ እዚያው ቀረ። ካርታው ከጣቢያ እንዴት እንደወጣም "ይጣራል" ተባልን። እስካሁን ሳስበው የምቆጨው ለዚያ "መንገድ የሕዝብ ነው" ላለው መልስ በጊዜው ስላልመጣልኝ ነው። አንድ ሰው ካንድ ጥግ ሆኖ ሳልፍ ያየኝ እንደሆነ መንገድ አየ። የሄድኩበትን ሁሉ ቀጣጥሎ የያዘኝ ግን ኑሮዬን፣ ያመኑኝንም ሰዎች ኑሮ ይዟል። ቢመጣልኝስ ማን ሊሰማኝ?

በመቆሚያው "ድፍኑ ተሸነቆረ" ተባለ። በሹክሹክታ የሚጠሩት ሰዎች መጥራት ተዉ። ፒክአፗ ከአጥሬ ሥር ጎማዋ እየረገበ ቆመች። ሚስቱ አሁን "በየት ዋልክ?" አትለውም፤ የትም እንደማይውል ታውቃለች። እኔ ልብስ ሰፊዋን ላስረዳ ሄጄ ነበር፤ በሩን የከፈተው ባልየው ነው፤ የስፌት መኪና ድምፅ ከውስጥ አይሰማም። ተመልሼ መጣሁ።

ድፍኑ ሳይሞት በፊት፣ ሳል እያጣደፈው ጣቢያ ለመጨረሻ ጊዜ ሄደ። ስለ ካርታው አላነሣም። ማንም እሺ አላለውም እንጂ የለመናቸው ይህን ብቻ ነበር፤ "ዩኒፎርም ለብሶም ይሁን ሳይለብስ ከእናንተ አንድ ሰው ወደዚያች ልጅ ሄዶ፣ 'የነገረን እሱ አይደለም' ይበልልኝ።"