እናቴ ያጠበችው የብር ዶላር

ባለፈው ቅዳሜ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለ አንድ የሳንቲም ሱቅ ከልጄ ጋር ገብቼ፣ መስታወት ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ አሮጌ የብር ዶላር ዋጋው ተለጥፎበት ሳይ፣ ሳላስበው «ኧረ በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ። የአስራ አንድ ዓመቷ ልጄ ስንት ወር ያጠራቀመችው ገንዘብ ግማሹን እንኳን አይሞላም፤ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

እኔ በእሷ ዕድሜ፣ በዘጠናዎቹ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ስንኖር፣ አሮጌ ሳንቲም እንዲህ አይኮራብንም ነበር። ታክሲ የሚነዳው አባቴ ከሥራ ገብቶ ኪሱን ጠረጴዛ ላይ ሲያራግፍልኝ፣ ስንዴ የተሳለባቸው የጠቆሩ ባለ አንድ ሳንቲም ፔኒዎች፣ ቀን ሲቀናኝም ከብር የተሠራ የድሮ ዳይም፣ አሥር ሳንቲም፣ አላጣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ የሳንቲም ሱቅ ሄጄ፣ ትምባሆ ትምባሆ የሚሸት የካርቶን ሳጥን ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ እየበረበርኩ እመርጣለሁ። የምሳ ገንዘቤን አጠራቅሜ፣ እዚሁ ዴንቨር የተሠራ፣ በእርጅና የጠቆረ የብር ዶላር የገዛሁትም ከዚያ ሳጥን ነው። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ታዲያ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ እናቴ እጅ አይገባ መሰላችሁ! በሎሚና በጨው ፈትጋ፣ በጥርስ ብሩሽ ጠርዙን ሳይቀር አሽታ፣ እንደ መስታወት አስመስላ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሽማግሌው ሲያዩት ግንባራቸውን ያዙ፤ የታጠበ ሳንቲም፣ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋ የለውም አሉኝ። እያለቀስኩ ቤት ስገባ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ይዛ መልሳ ወሰደችኝ።

«እስቲ እኚህን ሰውዬ ጠይቂልኝ፤ እዚህ አገር የሚሸጠው ብሩ ነው ወይስ እድፉ?»

አፍሬ መሬት ልገባ ስል ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ስቀው አንድ ያልታጠበ ዳይም ለምራቂ ሰጡኝ።

ዛሬ ሽማግሌውም እናቴም የሉም፤ ከመልስ መሃል የብር ዳይም ማግኘት ከቀረ ስንት ዘመኑ። የተረፈውን ትልልቅ ሰዎች በኢንተርኔት ተሻምተው፣ በፕላስቲክ አሽገው፣ ለልጅ የሚሆን ነገር አላስቀሩም። ይኼ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። የእናቴን ዶላር ያን ቅዳሜ ይዤው ነበርና፣ ባለሱቁ ወጣት አገላብጦ አየውና ስለታጠበ በብሩ ክብደት ብቻ እንደሚገዛኝ ነገረኝ። ማን ሊሸጥልህ!

መኪና ውስጥ ለልጄ ሰጠኋት።

«ማም፣ ካን አይ ቴክ ኢት ቱ ስኩል?» ትምህርት ቤት ልውሰደው ወይ ማለቷ ነው።

ቤት ስንገባ ባሌ ይኼን ሲሰማ ትጥለዋለች ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ውሰጂው አልኳት፤ ኪስሽ ከተሽው ሩጪ፣ ለጓደኞችሽ አሳዪ፣ ብትጥዪውም አንድ ሌላ ልጅ መሬት ላይ ያግኘው።