ያልጠፋው ቀለም

ወንድሜ መጀመሪያ ክርኑ ነው አልዘረጋ ያለው። ኋላ አንድ ቀን ሩዝ ሲያርም ውሃው ላይ ተደፋ፤ ልቡ ቀጥ ብሎ ቀረ። የልጄን ክርን ታጥፎ ሳየው ታዲያ እህል ከአፌ ጠፋ። በእኔ በኩል ነው የመጣበት፣ ከእኔ ወገን።

ጎንደር ያለው ዶክተር ከልጄ ጡንቻ ቆንጥሮ ወደ ውጭ አገር ላከ። ሥጋችን በጥቃቅን ህዋስ የተሠራ ነው አለኝ። የህዋሱን እምብርት የሚሸፍን ስስ ልባስ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ ፕሮቲን ከጎደለ ክርንም ልብም ይታመማል። አንቲቦዲ የሚሉት ነገር ፕሮቲኑን ፈልጎ ሲጣበቅበት ቀለም ይታያል።

መልሱ መጣ፤ ቀለሙ ታይቷል፣ ፕሮቲኑ አለ ተባለ። ባሌ ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ሲመለስ ይህን ሰማና ልጁን፣

"በል ጌታው፣ ነገ እርፍ ትጨብጣለህ። እናትህ ሙሽራ አድርጋህ ከረመች!" አለው።

በማግስቱ በሬዎቹን እንደጠመዱ ስልኬ ጮኸ። ዶክተሩ ነው።

"እናቴ፣ አንድ ማረጋገጫ ቀርቶ ነበር። ያንኑ ፕሮቲን በላቦራቶሪ ሠርተው አንቲቦዲውን አስቀድመው በእሱ አጠገቡትና ጡንቻው ላይ ደገሙት። ቀለሙ ግን አልጠፋም።"

"እልልልል!" አልኩ፣ አለመጥፋቱ ደግ መስሎኝ።

"ኧረ እልል አይበሉ! መጥፋት ነበረበት። ጠግቦ የተለቀቀ ጥጃ አሁንም ሄዶ አንድ ነገር ላይ ቢለጠፍ፣ ወተት ፈልጎ ነው?"

"አይ፤ አሞሌ አግኝቶ ይሆናል።"

"ይህም እንደዚያው ነው። ሌላ ነገር ላይ ተጣብቆ ይሆናል። የፊተኛውን መልስ ይተዉት።"

"ታዲያ በሽታው አለበት ወይስ የለበትም?"

"አላውቅም እናቴ። በሌላ አንቲቦዲ ይደገማል። እስከዚያ ከባድ ሥራ አያሠሩት። ልቡን በመሣሪያ እንድናየው ዛሬውኑ ይዘውት ይምጡ።"

በጭቃው እየተንቦራጨቅሁ ወደ እርሻው ሮጥኩ። ባሌ፣ "ትናንት ደህና ነው አለ፤ ዛሬ ደግሞ ታሟል ሊል ነው?" ብሎ ጮኸብኝ።

"ታሟል አላለም። አላውቅም ነው ያለ።"

ልጄ እርፉን እንደያዘ፣ "ታመሃል ቢለኝ ይሻለኝ ነበር" አለ።

በሬዎቹ ፊት ቆምኩ። "ሂድ ካልከው በእኔ ላይ ይረስ" አልኩ። ባሌ የልጁን ክንድ አየ፣ እኔን አየ፤ ቀንበሩን ራሱ አወረደ።

ወደ ጎንደር ልንሳፈር ወረታ መናኸሪያ ስንደርስ ልጄ የያዝኩትን ፌስታል ሊቀበለኝ እጁን ሰደደ። አሸሸሁበት።

"እማ፣ ይህም ከባድ ሥራ ነው?"

"እኔ እንጃ ልጄ" አልኩት። "እኔ እንጃ።"