ጋዋን ለባሹ የታሪክ ተመራማሪ

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። የጋዋኑን እጅጌ አሲድ በሳስቶታል። ወጣት ኬሚስት ሳለ መምህሩ ግኝቱን በራሱ ስም አሳትሞ ከላቦራቶሪ አባረረው። ከዚያ ወዲህ የኬሚስትሪን ታሪክ ሲያጠና ኖሯል፤ አሁን የዚያን ግኝት እውነተኛ ታሪክ እየጻፈ ነው። ለምሳ እንኳ አይነሳም። የመምህሩን ስም ሲጽፍ እርሳሱን ስለሚጫነው ወረቀቱ ይቀደዳል።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ታሪክ የት ይሄድብዎታል?» አለችው መጽሐፍ የምታቀብለው ሴት።

«ታሪክማ የትም አይሄድም። መምህሬ ግን ታሞ ተኝቷል።»

«ውይ፣ እግዜር ይማርልዎ።»

«አሜን» አለ ከልቡ። «መጽሐፌ ታትሞ እስኪያነበው ድረስ ይማርልኝ። በተለይ ዓይኖቹን።»