የጎረቤቴ ባል ስም በክመር ፊደል

የሆላንድ ገንዘብ ጊልደር ቀርቶ ዩሮ በመጣ ሰሞን፣ ራይስዋይክ ከተማ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ካምቦዲያዊት ትኖር ነበር፤ እንደኔው ባሏ የሞተባት። የምንግባባው በተሰባበረ ደች ነው። መስከረም ላይ ቀኝ እጇ በጄሶ ታስሮ መጣች፤ ከብስክሌት ወድቃለች። የባሏን ስም በአገሯ ፊደል እንድጽፍላት ፈለገች። ቅዳሜ ሮተርዳም የቡድሃ መነኩሴያቸው ለሙታን የቀረበውን ምግብ ሲባርኩ የሙታኑን ስም ከወረቀት እያነበቡ ይጠራሉ።

«አሳስተው ከጠሩት አይሰማም፤ ሳይበላ ይመለሳል» አለችኝ።

ይህን መረዳት አላስቸገረኝም። እኛም ለሞተ ሰው የምናስጸልየው በክርስትና ስሙ ነው። ልጇ እዚህ ስላደገች ፊደሉን አታውቅም፤ ኮምፒዩተሯም በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረድራል። የእኔን የእጅ ጽሑፍ ግን አይታ ወዳዋለች።

በግራ እጇ የሞነጫጨረችውን ሰጠችኝ። ከፊደሎቹ ሥር ትንንሽ ፊደሎች ተንጠልጥለዋል፤ አናታቸው ላይ የተጠማዘዘ ጭረት አለ። ግራ እጇ መስመር የሳተባት መሰለኝ። የወረዱትን ወደ መስመሩ አወጣሁ፣ የአናቱን ጭረት ሳልጽፍ ተውኩ፣ ቃል ያለቀ በመሰለኝ ቦታ ሁለት ነጥብ አደረግሁ። ያምር ነበር።

አይታ ሳቀች። «ፀጉሩን ላጭተሽ መነኩሴ አደረግሽው! እግሩስ የት ሄደ?»

«የምን እግር?»

የታችኛው ፊደል እግር ይባላል፤ ከላይኛው ጋር ተያይዞ ይነበባል። የአናቱ ጭረት ፀጉር ነው። በቃልና በቃል መካከል ምንም አይገባም። አንዳንዱ ድምፅ ደግሞ ከፊደሉ በፊት ተጽፎ ከፊደሉ በኋላ ይነበባል።

«ታዲያ አንባቢው በምን ያውቃል?»

«ያውቃላ!»

ድሮ ከደቡብ ሕንድ በባሕር መጥቶ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፊደል ነው አለች። ትምህርት ቤት የእኛም ከባሕር ማዶ ጽሕፈት ጋር እንደሚዛመድ ተምሬያለሁ። የእኛ ጎን ለጎን ሲቆም የእነሱ ለምን እንደተደራረበ ግን አልገባኝም።

ዓርብ እንደገና ሞከርኩ፤ እግሩን ከሌላ ፊደል ሥር አኖርኩት። አሁን አልሳቀችም።

«እኔ ልቅደም፣ አንቺ ተከተዪኝ» አለች።

የግራ እጇን ጣት ውኃ ውስጥ ነክራ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች፤ አንዱን ፊደል፣ ከዚያ ሥሩን፣ ከዚያ አናቱን። ውኃው ሳይደርቅ ወረቀት ላይ በብዕር ተከተልኳት። ሲያልቅ ወረቀቱን አንስታ ስሙን ጮክ ብላ አነበበች። እስከዚያ ቀን ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛልኝ መጣች።

«መጣ?» አልኳት።

«በልቷል። ይህ የአንቺ ድርሻ ነው።»

ተቀበልኳት። ስሙ ሲነበብ ከየትኛው ጭረት እንደሚጀምር ዛሬም አላውቅም።